ባለኮረንቲው አምባዛ

ጊዮርጊስና ፒያሳ አካባቢ ዓሣ ያዘዘ ሰው ፊት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከጣና የተጫነ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ነው። የአምባዛ ዘመድ የሆነ አንድ ዓሣ ግን ከእነዚህ ሐይቆች አይመጣም። ቤቱ ቆላ ነው፤ በጋምቤላ ባሮ፣ በደቡብ ኦሞ። በዓባይ በኩል ጣና ድረስ እንዳይወጣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይከለክለዋል።

ሳይንሳዊ ስሙ ማላፕቴሩረስ ነው። መልክ አልታደለም፦ ድብልብል ሰውነት፣ ቅርፊት የሌለው ነጠብጣብ ቆዳ፣ ጥቃቅን ዓይኖች፣ አፉ ዙሪያ ስድስት ጢም። ጀርባው ላይ አንዲት ለስላሳ የስብ ክንፍ ብቻ፣ እሷም ጭራው አጠገብ። ትልቁ ከ1 ሜትር ያልፋል።

ኮረንቲው ያለው ከቆዳው ሥር ነው። ከጡንቻ የተለወጠ አካል እንደ ካፖርት ገላውን ይጠቀልለዋል፤ በውስጡ የተደረደሩት ሕዋሳት የየራሳቸው ኃይል ጥቂት ቢሆንም፣ አንድ ላይ ሲተኮሱ እስከ 350 ቮልት ይደርሳሉ። ይበልጥ የሚገርመው አዛዡ ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን ትእዛዙን የሚያስተላልፈው አንድ ግዙፍ የነርቭ ሕዋስ ብቻ ነው። ዓሣው ሌሊት እየወጣ ትንንሽ ዓሦችን በንዝረት አደንዝዞ ይውጣል፤ የነካውንም ያባርርበታል።

በቀይ ባሕር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያደባው ቶርፒዶ የተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ይህንኑ ጥበብ በሌላ መንገድ ደርሶበታል። የእሱ ኮረንቲ የሚመነጨው ከራሱ ግራና ቀኝ ካሉ ሁለት ኩላሊት መሰል አካላት ነው። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ከፍተኛ ቮልት የግድ አያስፈልገውም፤ ብዙ ዓምዶችን ጎን ለጎን አሰልፎ ብዙ ኮረንቲ ይለቃል። የወንዝ ውኃ ግን ኤሌክትሪክን በደንብ ስለማያሳልፍ፣ የባሮው ዓሣ ቮልቱን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። አትላንቲክ ውስጥ ያለው ትልቁ ቶርፒዶ እንኳ የሚደርሰው እስከ 220 ቮልት ነው።

የጥንት ሰዎች ሁለቱንም ያውቋቸው ነበር። ግብፃውያን ከ4 ሺህ ዓመት በፊት የዓባዩን ዓሣ ሳቃራ በሚገኘው የቲ መቃብር ግድግዳ ላይ ቀርጸውታል። ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦንየስ ላርገስ ደግሞ ራስ ምታት ለጠናበት ሰው ሕያው ቶርፒዶ ግንባሩ ላይ እንዲደረግለት ያዝዝ ነበር፤ ዛሬ ማን ይቀበለው! አሌሳንድሮ ቮልታም እ.ኤ.አ. በ1800 የዘመናዊ ባትሪ ድንጋይ አባት የሆነውን የብረት ክምር ሲያስተዋውቅ «ሰው ሠራሽ ኤሌክትሪካዊ አካል» ያለው ከቶርፒዶ ጋር አመሳስሎት ነበር።