ቤታችሁ ገዥ እስኪያገኝ ልባችሁ አይንጠልጠል

በጀርመን ግሪስሃይም ውስጥ ቤታቸውን ለሽያጭ ያወጡ ወገኖቼ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሲደነግጡ አያለሁ። ጭንቀቱ የሚቀለው በእጃችሁ ያለውንና የሌለውን ስትለዩ ነው።

በእጃችሁ ያለው፦ የኃይል ፍጆታ ምስክር ወረቀቱን (ኤነርጊአውስቫይስ) ገዥዎች ቤቱን ለማየት ከመምጣታቸው በፊት አዘጋጁ። በሳምንት ጎብኚ የምትቀበሉባቸውን 2 ቀናት ወስኑ፤ በቀሩት ቀናት ቤቱ የእናንተው ይሁን።

በእጃችሁ የሌለው፦ በጀርመን ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በኖታር (ውል አረጋጋጭ) ፊት መፈጸም አለበት። ስለዚህ «እገዛለሁ» የሚል ቃል ብቻ ይዛችሁ ሌላ ቤት አትዋዋሉ። ከፊርማ በኋላም ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ኖታሩ ቅድመ ሁኔታዎቹ መሟላታቸውን ሲያሳውቅ ነው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ የክፉ ምልክት አይደለም።

አመሻሽ ላይ ስልኩን ቤት ትታችሁ በማይን ወንዝ ዳር ተራመዱ። እንቅልፍ ካጣችሁ ግን ለሐኪማችሁ ንገሩ።