ስለ ቤት አመራረጥና ስለ መንገድ ድካም

ሰው ቤት ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ኪራዩ ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም፤ ገቢውን ሳያመዛዝን ቤት የሚይዝ ሰው ወሩ ሲያልቅ ይጨነቃልና። ነገር ግን የቤት ዋጋ በብር ብቻ አይከፈልም፤ አንዱ ክፍል በጊዜ፥ ሌላውም በጤና ይከፈላል።

በሳሊተ ምሕረት አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በተስፋፉ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ አያት፥ ወደ የካ አባዶና ወደ ቦሌ አራብሳ ሄዷል። የብዙዎች ሥራ ግን በመሀል ከተማ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ፥ በሲኤምሲና በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ይህን የመሰለውን ድካም ለማቃለል ነበር።

እስቲ እናስላው። ለመሄድ 1 ሰዓት፥ ለመመለስም 1 ሰዓት የሚፈጅበት ሠራተኛ በሳምንት 5 ቀን ቢመላለስ 10 ሰዓት፥ በ50 ሳምንትም 500 ሰዓት ይሆንበታል። ይህም ከ20 ሙሉ ቀንና ሌሊት ይበልጣል። የሚቀነሰውም ከእንቅልፉና ከልጆቹ ጋራ ከሚያሳልፈው ጊዜ ላይ ነው።

ሆኖም ቅርብ ነው ተብሎ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ተጨናንቆ ማደርም አይበጅም። የሳንባ ነቀርሳ በአየር የሚተላለፍ በሽታ ስለ ሆነ፥ አየር በማይለወጥበት ቤት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይዛመታል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰልም ሽታ የሌለው መርዝ ስለሚያወጣ፥ ቤተሰቡን በተኛበት ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል አስቀድሞ የሚከተለውን መመርመር ይገባል፤

1ኛ/ መስኮቱ ተከፍቶ ንጹሕ አየር ያስገባልን?

2ኛ/ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ክዳን ያለው ማጠራቀሚያስ አለን?

3ኛ/ መጸዳጃ ቤቱን ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል? የሚያጸዳውስ ማን ነው?

4ኛ/ መንገዱ ምን ያህል ይፈጃል? ይህንም በሥራ ቀን ጧት ራስዎ ሄደው ይሞክሩት፤ በእሑድ የተለካ መንገድ ያታልላልና።

ራቅ ያለውን ቤት የመረጠ ሰውም ጤናውን የሚጠብቅበት መንገድ አለው። ብርድ ይመታኛል ብሎ የታክሲውን መስኮት ከመዝጋት ይልቅ ጥቂት ከፈት ማድረግ ይሻላል፤ የሚያስል ሰው ባለበት ዘንድ የታፈነ አየር ከነፋስ ይልቅ ይጎዳልና። ደግሞም ከፌርማታው እስከ ቤቱ በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ የሚራመድ፥ በ5 ቀን 150 ደቂቃ ይሞላለታል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከሚመክረው እንቅስቃሴ ዝቅተኛው ልክ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋራ ተቀምጠው ኪራዩን፥ ሰዓቱንና አየሩን ባንድነት ያመዛዝኑ። ኪራዩን የሚከፍለው አንድ ሰው ቢሆን እንኳ፥ በቤቱ የሚተነፍሰው ቤተሰቡ ሁሉ ነውና።