የፋርማሲ ተመራቂዎች በዶሃ፦ ልምምዱ የት ያበቃል? ግዴታውስ የት ይጀምራል?

በኳታር ዋና ከተማ ዶሃና በዙሪያዋ የሚኖሩ የፋርማሲ ተመራቂዎች የተግባር ልምምድ ዕድል ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያሳስባቸው የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን አይደለም። የሚያሳስባቸው ፊርማ የሚጠየቁበት ወረቀት ነው። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ተለማምዶ በሰላም መሰናበት ይቻላል? ወይስ ወረቀቱ ተመራቂውን ለዓመታት ከአንድ አሠሪ ጋር ያስራል?

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን ወላጆች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተመራቂ ከወር ገቢው ቢያንስ አሥር በመቶ እየከፈለ ድርሻውን እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጊዜ እንዲመልስ ተደንግጎ ነበር። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ለረጅም ዓመታት በዕጣ ተመድበው የተወሰነውን ጊዜ እስኪያገለግሉ ድረስ ዋናው የትምህርት ማስረጃቸው ሳይሰጣቸው ይቆይ እንደነበር የሚያስታውሰው ብዙ ነው። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው “ልምምድ” ሲባል ከበስተጀርባው ግዴታ ቢታየው አያስገርምም። የዶሃው አሠራር ግን ሌላ መልክ አለው፤ አንዱን ከሌላው ሳይለዩ መፈረምም ሆነ ፈርቶ መተው ሁለቱም ያስጎዳሉ።

ለመጀመር ያህል፣ በዶሃ “ሥልጠና” በሚለው አንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የኳታር ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ኮሌጅ ከካናዳ የፋርማሲ ፕሮግራሞች እውቅና ሰጪ ምክር ቤት እውቅና ያገኘ ነው። ተማሪዎቹም የተግባር ልምምዳቸውን የሚያደርጉት ገና በትምህርት ላይ ሳሉ፣ በሆስፒታሎች፣ በጤና ጣቢያዎችና በመድኃኒት ቤቶች እየተዘዋወሩ ነው። ይህ የዲግሪው አካል ስለሆነ ሠራተኛ አያሰኝም። በግብፅና በሳዑዲ ዓረቢያ ግን ልምምዱ በትምህርቱ ማብቂያ ላይ የሚጨመር አንድ ሙሉ ዓመት ሲሆን፣ ዓረብኛው “ሰነት አል-ኢምቲያዝ” ይለዋል። “ኢምቲያዝ” በሌላ ቦታ “ልዩ መብት” ወይም “ከፍተኛ ማዕረግ” ማለት ስለሆነ፣ ቃሉን በመዝገበ ቃላት ብቻ የተረጎመ ሰው ልምምዱን ሽልማት ሊያስመስለው ይችላል። ሦስተኛው ዓይነት እንደ ሐማድ የሕክምና ኮርፖሬሽን ባሉ ተቋማት የሚሰጠው የሬዚደንሲ ሥልጠና ነው። ይህ ጀማሪ ተመራቂ የሚሞክረው ልምምድ ሳይሆን፣ ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት ተወዳድሮ የሚገባበት የሙያ ማሳደጊያ ነው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ተራ የሥራ ውል ሆኖ ሳለ ለመጀመሪያዎቹ ወራት “ሥልጠና” የሚል ስም የተሰጠው አለ። አስቸጋሪው ይህ ነው።

የኳታር የሥራ ሕግ፣ ማለትም የ2004ቱ ሕግ ቁጥር 14፣ ውሎችና ሌሎች የሥራ ሰነዶች በዓረብኛ እንዲጻፉ ያዛል። ትርጉም ማያያዝ ይፈቀዳል፤ ልዩነት ከተገኘ ግን የሚጸናው ዓረብኛው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ተመሥርቶ “ግዴታ የለበትም” ማለት አይበቃም። በተለይ ሁለት አገላለጾችን ለይቶ ማንበብ ይጠቅማል። “ኢልቲዛማት አል-ሙተደሪብ” የሚል ርዕስ “የሠልጣኙ ግዴታዎች” ተብሎ ሲተረጎም ያስደነግጣል። ከሥሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሰዓት ማክበር፣ የታማሚን ምስጢር መጠበቅና መመሪያ መከተል ነው። በአንጻሩ “በዕደ ኢንቲሃእ አት-ተድሪብ”፣ ማለትም “ሥልጠናው ካበቃ በኋላ”፣ ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ “ሙደት ኺድማ” ወይም “የአገልግሎት ዘመን” የሚል ቢገኝ፣ ዓመታቱን የሚቆጥረው እሱ ነው። ርዕስ ሳይኖረው በመጨረሻው ገጽ አንድ መስመር ላይ ሊሰፍር ይችላል።

ለግል መድኃኒት ቤቶችና ለግል ሆስፒታሎች ሕጉ ራሱ ገደብ አበጅቷል። ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ውል ከአምስት ዓመት መብለጥ የለበትም፤ የሙከራ ጊዜም ከስድስት ወር አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡት ማሻሻያዎች ደግሞ ሥራ ለመቀየር ከቀድሞው አሠሪ የይሁንታ ደብዳቤ የማምጣት ግዴታ ተነሥቷል። እስከ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ የቆየ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በሙከራ ጊዜ ወደ ሌላ አሠሪ ለሚዛወር ሰው፣ ለቅጥርና ለአውሮፕላን ትኬት የወጣውን ወጪ የሚተካው አዲሱ አሠሪ ነው፤ መጠኑም ከሁለት ወር መነሻ ደመወዝ አይበልጥም። ለሠራተኛው ሕጉ ከሚሰጠው ያነሰ መብት የሚሰጥ የውል አንቀጽ ዋጋ የለውም።

ሆኖም እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ይኸው የሥራ ሕግ በሚኒስቴሮችና በመንግሥት ተቋማት ሠራተኞች ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። በዶሃ ሰፊው የፋርማሲ ማሠልጠኛ ደግሞ የመንግሥት ተቋም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ሐማድ ከዋናው ሐማድ አጠቃላይ ሆስፒታል ጀምሮ እስከ አል-ወክራና አል-ኾር ድረስ ሆስፒታሎችን ያስተዳድራል። ስለዚህ “በኳታር አንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይበቃል” የሚለው የሠራተኞች መንደር ወሬ ለግል መድኃኒት ቤት እውነት ሲሆን፣ ለመንግሥት ሆስፒታል ላይሠራ ይችላል። እዚያ የሚገዛው የተቋሙ የሰው ኃይል ደንብና የተፈረመው ውል ነው። ከመፈረም በፊት የትኛው ሕግ እንደሚገዛ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ውሉ ነጻ ቢሆንም የሚያስሩ ሌሎች ክሮች አሉ። አንዱ የሙያ ፈቃድ ነው። በሕዝብ ጤና ሚኒስቴር ሥር ያለው የጤና ሙያዎች መምሪያ የትምህርት ማስረጃን ከምንጩ ያጣራል፤ እንደየሁኔታው ፈተና ይጠይቃል፤ ፈቃዱም ከሥራ ቦታው ጋር የተያያዘ ነው። ሥራ የቀየረ ፋርማሲስት ፈቃዱንም ማዛወር አለበት። ሌላው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ዶሃ ተወልዳ ወይም አድጋ በአባቷ ስም የምትኖር ተመራቂ አሠሪው የመኖሪያ ፈቃድ እንዲያወጣላት ሳትጠብቅ ልትለማመድ ትችል ይሆናል፤ ተቀጥራ ለመሥራት ግን ከሥራ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋታል። ለወንድ ልጆች በቤተሰብ ስም መኖር የዕድሜ ገደብ ስላለበት ጊዜው አጭር ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚመጣ ተመራቂ ደግሞ መኖሪያውን የሚያወጣለት አሠሪው ስለሆነ፣ ከግዴታ ነጻ የሆነ ልምምድ የማግኘቱ ዕድል ጠባብ ነው። ለሠልጣኙ ቪዛ፣ ቤትና ትኬት ያወጣ ድርጅት የተወሰነ ዘመን እንዲያገለግለው መፈለጉ አይደንቅም፤ ድርድሩ በዘመኑ ርዝመትና አቋርጦ በሚወጣ ሰው ላይ በሚጠየቀው ገንዘብ ላይ ነው። በቁጥር ያልተጻፈ “የሥልጠና ወጪ” ከሁሉ የከፋ ነው፤ በመጨረሻ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው አንደኛው ወገን ብቻ ነውና።

ግዴታ የሌለበት ልምምድም የራሱ ዋጋ አለው። ክፍያው አነስተኛ ሊሆን ወይም ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ ከማብቂያው በኋላ የሥራ ተስፋ አይሰጥም። ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት ያልተመደበለት ሠልጣኝ ደግሞ ወራቱን መደርደሪያ ላይ ሣጥን ሲቆጥር ያሳልፋል። የሐኪም ማዘዣ ማጣራት፣ የመድኃኒቶችን መጋጨት መለየት፣ የልጆችን መጠን ማስላት፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ታማሚን ማማከር የማይገኝበት ልምምድ፣ ባያስርም እንኳ ጊዜን ይበላል። ለኢትዮጵያዊ ተመራቂ የአማርኛ ችሎታው ራሱ በዚያ ከተማ ጥቅም አለው፤ የመድኃኒቱን አወሳሰድ በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው የሚሹ የቤት ሠራተኞች በየመድኃኒት ቤቱ ይታያሉና።

ልምምዱ እንደ ሥራ ልምድ ይቆጠር እንደሆነም ከጤና ሙያዎች መምሪያ በጽሑፍ መጠየቅ የሚገባው ከመጀመሩ በፊት ነው። ሲያበቃ ደግሞ “ሠልጥኗል” የሚል አንድ መስመር ምስክር ወረቀት አይበቃም። የተሠራባቸው ክፍሎች፣ የሰዓቱ ድምር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን፣ የተቆጣጣሪው ፋርማሲስት ስምና የፈቃድ ቁጥር ሊሰፍሩበት ይገባል። ወደ አገሩ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ይህን ወረቀት ከኳታር ከመውጣቱ በፊት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ዶሃ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቢያረጋግጥ ይቀለዋል፤ በአዲስ አበባ የትምህርት ማስረጃ አቻ ግመታና የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘና ሲጠየቅ የጎደለን ማኅተም ከሩቅ ማስመታት ወራት ይወስዳል።