ችግኙ ከተተከለ በኋላ

በክረምት ችግኝ የሚተክል ብዙ ነው፤ በጥር ወር የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። በሲዳማና በወላይታ ጓሮዎች የሚተከለውን አቮካዶ እንውሰድ። የሚጸድቅ መሆን አለመሆኑ በአብዛኛው የሚለየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ነው።

በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ የአፈሩን ፊት ብቻ ያርሳል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀስ እያሉ ማጠጣት ይሻላል። ውሃው ከሩቅ በእናቶች ጀርባ የሚመጣ ስለሆነ ጠብታው እንዳይባክን እንመክራለን፤ አትክልት የታጠበበት ውሃም ያገለግላል። ውሃ በሚተኛበት ቦታ ግን አቮካዶ አይተከል፤ ሥሩ ይበሰብሳል።

የችግኙን ዙሪያ በደረቅ ሣር ወይም በእንሰት ቅጠል አራት ጣት ያህል አልብሱት። ይህ እርጥበቱን ያቆያል። ነገር ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከነካው ቅርፊቱ ይበሰብሳል። የአቮካዶ ሥር ወደ ላይ የቀረበ ስለሆነ አረሙን በእጅ መንቀል እንጂ በዶማ መቆፈር አይገባም። ስለ ፍየል ምክር አያስፈልግም፤ አጥር ያስፈልጋል።

ችግኙ የተዳቀለ ከሆነ ከተጋጠመበት በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ አንሡ። ካልሆነ ጉልበቱን ይወስድና የጠበቃችሁት ፍሬ ይቀራል። ካደገ በኋላ ወፍራም ቅርንጫፍ ሲቆረጥ መጋዙ አስቀድሞ ከታች ጥቂት ያስገባ፤ ከዚያ ከላይ ይጨርስ። አለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገሽልጦ ይሄዳል።