ከሐዲድ በታች ስለሚያልፍ አንድ አሮጌ መንገድ



አውራ ጎዳናና የምድር ባቡር ሐዲድ በእኩል ደረጃ በሚቋረጡበት ስፍራ አደጋ እንደማይታጣ የታወቀ ነው። ባቡር ከባድ ስለሆነ፣ ነጂው ፍሬን ቢይዝም እንኳ ረጅም ርቀት ሳይሄድ አይቆምም። ስለዚህ የሰውን ሕይወት ለማዳን የሚበጀው ዘዴ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ማሳለፍ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮጳ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. የባቡር ማቋረጫዎችን አደጋ ለማስወገድ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በደርሃም ከተማ፣ ግሬግሰን የተባለው ጎዳና በባቡር ድልድይ ሥር ያልፋል። ድልድዩ በ1940 ዓ.ም. ሲሠራ ከመንገዱ በላይ የነበረው ከፍታ 11 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ይኸውም 3 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ዘመን በገፋ ቁጥር የጭነት ካሚዮኖች ቁመት ጨመረ፤ የድልድዩ ከፍታ ግን በነበረበት ቀረ።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በስፍራው የተተከለ ካሜራ ከ100 የሚበልጡ ግጭቶችን አሳይቷል፤ የብዙዎቹም መኪናዎች ጣራ እንደ ቆዳ ተገፏል። ሐዲዱ ተናውጦ የባቡር መንገደኞች እንዳይጎዱ ከድልድዩ ፊት የብረት አግዳሚ ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኪናን ቁመት የሚለይ መሣሪያ ከትራፊክ መብራትና ከማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ጋር ተተከለ፤ ሆኖም ግጭቱ አልቀረም።

«መንገዱን ዝቅ ቢያደርጉትስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከመንገዱ ሥር የከተማው የፍሳሽ ቧንቧ ያልፋል። «ሐዲዱን ከፍ ቢያደርጉትስ?» ቢባል፣ ባቡር ድንገተኛ ዳገት ስለማይወጣ ግራና ቀኙን በረጅሙ ማስተካከል ግድ ይሆናል። በመጨረሻ በ2019 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ይኸው ተደርጎ ድልድዩ በ8 ኢንች ከፍ አለ፤ ከፍታውም 12 ጫማ ከ4 ኢንች ሆነ። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ከዚህ የሚረዝሙ መኪናዎች መጋጨታቸውን አልተዉም።

አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። የ1940 ዓ.ም. መሐንዲሶች የለኩት በዘመናቸው መኪና ነበር። እነርሱ በወረቀት ላይ ያሰፈሩት ቁጥር ግን በብረት ጸንቶ 79 ዓመት መንገደኛውን ሲገዛ ኖረ። እንግዲህ ፕላን የምንመረምርና የምናጸድቅ ሁሉ፣ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ነገ በዚያ መንገድ የሚያልፈውን ሰው ማሰብ ይገባናል።