ስደተኞች የት ነው የሚታከሙት? እኛንስ ለምን ያገባናል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አሉ። አብዛኞቹ የመጡት ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?
የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛም ሆነ ጥገኝነት ጠያቂ በሀገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት ማግኘት እንደሚችል ይደነግጋል።

በተግባርስ?
ካምፕ ያሉት ባብዛኛው የሚታከሙት በእርዳታ ገንዘብ በሚሠሩ የካምፕ ክሊኒኮች ነው። እርዳታው ሲቀንስ መድኃኒቱም ባለሙያውም ይቀንሳል። ጋምቤላ ውስጥ ደግሞ የአካባቢው ነዋሪም እነዚህ ክሊኒኮች ይታከማል። አንዱ ሲዘጋ የሚጎዳው ስደተኛው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?
ለስደተኛ ለብቻ፣ ለነዋሪ ለብቻ ከማድረግ ይልቅ የመንግሥትን ጤና ጣቢያ አጠናክሮ ሁሉም እንዲታከምበት ማድረግ። ግን በጀትና ባለሙያ ሳይጨመር "ኑ ታከሙ" ቢባል ትርፉ ረጅም ሰልፍ ነው፤ ነዋሪውም ቅር ይለዋል።

ቋንቋም አለ። ኑዌርኛ ብቻ የምትናገር እናት የልጇን ሕመም በአማርኛ እንዴት ታስረዳ? ከስደተኞቹ መካከል ሰዎችን አሰልጥኖ በአስተርጓሚነትና ቤት ለቤት በሚሰጥ የጤና ትምህርት ማሰማራት ብዙ ያግዛል።

እኛንስ?
ኩፍኝ መታወቂያ አይጠይቅም። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰው 95 ያህሉ ሁለቱንም ዙር ክትባት መውሰድ አለበት። ካምፕ ውስጥ ሳይከተቡ የቀሩ ሕፃናት ካሉ፣ አጥሩ ማዶ ያለው ሰፈርም አይተርፍም።