ከከሰል ጉድጓድ የወጣው ኳስ ወርዋሪ

ክሪኬት በአገራችን ሕዝብ ዘንድ እምብዛም ያልተለመደ የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። አንደኛው ወገን ኳስ ይወረውራል፤ ሁለተኛው ወገን በሰፊ እንጨት ይመታል፤ ወርዋሪውም ከመቺው በስተኋላ የተተከሉትን ሦስት ዘንጎች በኳሱ ለመጣል ይታገላል። ኳሱ ጠንካራና በቆዳ የተለበጠ ስለሆነ፤ በፈጣን ወርዋሪ እጅ የገባ እንደሆነ ያስፈራል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ታሪክ ግን የጨዋታ ወሬ ብቻ ሳይሆን በአዛዥና በታዛዥ መካከል ስላለው ኃላፊነት የሚያስተምር ነው።

ሃሮልድ ላርውድ በ1904 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃምሺር ግዛት፤ ኑንካርጌት በምትባል የከሰል ቆፋሪዎች መንደር ተወለደ። አባቱም የከሰል ቆፋሪ ነበሩ። ልጁ በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ፤ በ14 ዓመቱ ከመሬት በታች ገብቶ የከሰል ጋሪ የሚስቡትን ትንንሽ ፈረሶች ይነዳ ጀመር። ቁመቱ ከመካከለኛ የማያልፍ ቢሆንም፤ የጉድጓዱ ሥራ ጀርባውንና ትከሻውን አጠነከረለት።

በ1923 ዓ.ም. የ18 ዓመት ወጣት ሳለ በኖቲንግሃም ከተማ ትሬንት ብሪጅ በተባለው ሜዳ ተፈትኖ፤ በሳምንት 32 ሽልንግ ተቀጠረ። በ1924 ዓ.ም. ለግዛቱ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። በ1926 ዓ.ም.፤ ገና 21 ዓመት ሆኖት ሳለ፤ በሎንዶን ሎርድስ ሜዳ ለአገሩ ቡድን ተሰልፎ ከአውስትራሊያ ጋር ገጠመ። በዚያው ዓመት በነሐሴ፤ በኦቫል ሜዳ ስድስት መቺዎችን ከጨዋታ አስወጣ፤ እንግሊዝም «አመድ» በሚል ስም የታወቀውን የሁለቱን አገሮች የውድድር ክብር አስመለሰች።

በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ተጫዋቾች በሁለት መደብ ይከፈሉ ነበር። ያለ ደመወዝ የሚጫወቱት «ጌቶች» ሲባሉ፤ እንደ ላርውድ በደመወዝ የሚያድሩት «ሙያተኞች» ይባሉ ነበር። በብዙ ሜዳዎች ልብስ የሚለውጡበት ክፍል እንኳ የተለየ ነበር። የአገሪቱ ቡድን አለቃም ከጌቶች ወገን ይመረጥ ነበር። ይህ ልዩነት ፈጽሞ እንዲቀር የተወሰነው በ1962 ዓ.ም. ነው።

በ1930 ዓ.ም. አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን በአምስት ግጥሚያዎች 974 ነጥብ አስቈጥሮ እንግሊዞችን አሳፈረ። ስለዚህ በ1932 ዓ.ም. ወደ አውስትራሊያ የተጓዘው ቡድን አለቃ፤ በኦክስፎርድ የተማሩት ሚስተር ዳግላስ ጃርዲን፤ አዲስ ስልት አዘጋጁ። ኳሱ መሬት ነጥሮ ወደ መቺው ደረትና ራስ እንዲነሣ፤ መቺው ራሱን ለመከላከል ሲል የሚያስፈነጥረውንም በአንድ ጎኑ በቅርብ የተሰለፉት ተጫዋቾች እንዲቀልቡ አዘዙ። ዋናው ፈጻሚ ላርውድ ነበር።

በጥር 1933 ዓ.ም. በአዴላይድ ከተማ የላርውድ ኳስ የአውስትራሊያን ቡድን አለቃ ቢል ውድፉልን ከልቡ አጠገብ መታው። ይህ የሆነው በተለመደው አሰላለፍ ነበር፤ ነገር ግን ሚስተር ጃርዲን ጥቂት ቈይተው ሰልፉ ወደ አዲሱ ስልት እንዲለወጥ አዘዙ፤ ተመልካቹም በቍጣ ጮኸ። በኋላም በርት ኦልድፊልድ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፤ እርሱ ራሱ ግን ጥፋቱን በወርዋሪው ላይ አልጣለም። የአውስትራሊያ ባለ ሥልጣኖች አድራጎቱ ለስፖርት የማይገባ ነው በማለት ወደ ሎንዶን ቴሌግራም ላኩ። እንግሊዝ ከአምስቱ ግጥሚያዎች አራቱን አሸነፈች፤ ላርውድ ብቻውን 33 መቺዎችን አስወጣ፤ በመጨረሻው ግጥሚያም እግሩ ተጎዳ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ግን የይቅርታ ጽሑፍ እንዲፈርም ተጠየቀ። እርሱም አለቃዬ ያዘዘኝን ስለ ፈጸምሁ ይቅርታ የምጠይቅበት ምክንያት የለኝም በማለት እንቢ አለ። አዛዡ ጃርዲን እስከ 1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ቡድኑን ሲመሩ፤ ታዛዡ ላርውድ ግን በ28 ዓመቱ ለአገሩ የተጫወተው ጨዋታ የመጨረሻው ሆነ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

በ1950 ዓ.ም. ላርውድ ሚስቱንና አምስት ሴቶች ልጆቹን ይዞ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። እንዲመጣ ያበረታታው ጃክ ፊንግልተን፤ በ1933 ዓ.ም. ኳሱን ፊት ለፊት ከተቀበሉት መቺዎች አንዱ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን የሰጠው በ1993 ዓ.ም.፤ በ88 ዓመቱ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በሲድኒ ዐረፈ።

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በንግድ ቤት ሠራተኛን የሚያዝ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያስታውስ መልካም ነው። ሥራው ሲያምር ምስጋናውን የሚቀበል አለቃ፤ ነቀፋ በመጣ ጊዜ ፊርማውን ከሠራተኛው እጅ መፈለግ አይገባውም።